ብሩ ደረሰ፤ ጠያቂውስ?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለማኅበረሰባችን አባላት ከተደረገ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ማስታወቂያውን ሲለጥፉ «ስለ ሕግ ጉዳዮች ውይይት» ብለው ነው የጻፉት። «ጄል የገባ ሰው እንዴት ይጠየቃል» ብለው ቢጽፉት ኖሮ ግማሾቻችሁ ትቀሩ ነበር። የምትመጡትም ፓርኪንጉ ላይ ሰው እንዳያያችሁ አንገታችሁን ቀብራችሁ ነበር የምትገቡት።

እኛ ዘንድ ልጅ ሲታሰር «ሥራ አግኝቶ ሌላ ስቴት ሄደ» ይባላል። ቴክሳስ ሄደ ከተባለው ስንቱ እዚሁ ሮክቪል እስር ቤት እንደተኛ እግዜር ይወቀው። ጎረቤት አይሰማም፣ ዕድርተኛ አይሰማም። አንዳንዴ አባትየውም አይሰማም። እናት ብቻዋን ይዛው ትዞራለች።

አገር ቤትም ሀፍረቱ አለ። ግን እዚያ ስንቅ የሚባል ነገር አለ። ቃሊቲም ይሁን ወረዳ ጣቢያ፣ ሰው ከታሰረ ምሳ ዕቃው ይቋጠራል። አንድ ሰው ይዞት ይሄዳል፣ ይሰለፋል። በሩ ላይ «ቅመስ» ይባላል፣ ይቀምሳል፣ ያስገባል። ስንቁ እንዲደርስ የግድ ሰው መሄድ ነበረበት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 21 ላይ የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። ሁልጊዜ ተከብሯል አልልም፤ ከናንተ ውስጥ በር ላይ የተመለሰ ይኖራል።

እዚህ አገር ስንቁና ጠያቂው ተለያዩ። ዶሮ ወጥ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚቀበላችሁ የለም። የሚገባው ብር ነው። ብሩ ደግሞ ከሶፋ ሳትነሱ በስልክ ይላካል። ስለዚህ እንልካለን፣ ልከንም እንቀራለን። ዛሬ ስለ ብሩ በደንብ እነግራችኋለሁ። የምነግራችሁ ግን እሱን ቶሎ ጨርሳችሁ ወደ መሄዱ እንድታልፉ ነው።

መጀመሪያ ሰውየው የት ነው ያለው? እኛ የምንኖረው ሦስት አስተዳደር፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ፣ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቤልትዌይ በሚባለው ዲሲን በሚዞረው መንገድ ላይ ሌሊት ኡበር ሲነዳ የተያዘ ልጅ፣ ድልድዩን ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው ጉዳዩ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆነ እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው የካውንቲው የእርማት መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ ሮክቪል ይመዘገባል፣ ከቆየ ቦይድስ ይወሰዳል። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ከሆነ የሚያስተዳድረው ሸሪፉ፣ የካውንቲው የሕግ አስከባሪ ሹም ነው። ዲሲ ካውንቲ የለውም፤ የራሱ ጄልና የራሱ መሥሪያ ቤት አለው። ሦስቱም የየራሳቸው ዌብሳይት፣ የየራሳቸው የጥየቃ ሰዓት፣ የየራሳቸው የብር መላኪያ አላቸው። «የእህቴ ልጅ ሲታሰር እንዲህ ነበር ያደረግነው» የሚል ምክር ከሌላ ካውንቲ ከመጣ አትስሙት።

ሜሪላንድ ውስጥ የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር የሚባል የፍርድ ቤት ሹም ፊት ይቀርባል። ካልተለቀቀ ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው በሚከፈትበት ቀን ዳኛ ያየዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የብር መላኪያ ቀን አይደለም። ጠበቃ የሚፈለግበት ነው። ነገ ሊወጣ ለሚችል ሰው ዛሬ ብር አትስደዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአባቶች። ጄልና ፕሪዝን አንድ አይደሉም። ካውንቲ ጄል በአብዛኛው ፍርዱን የሚጠብቅ ወይም አጭር ቅጣት ያለበት ሰው የሚቆይበት ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 18 ወር። ፕሪዝን ረጅም ቅጣት የተፈረደበት የሚገባበት ነው። በመላው አሜሪካ በካውንቲና በከተማ ጄሎች በማንኛውም ቀን ከ600,000 በላይ ሰው አለ። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ገና አልተፈረደባቸውም። ዳኛው ያልፈረደውን እናንተ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ አትፍረዱ።

ሰውየውን በዌብሳይት ስትፈልጉት የኛ ስም መከራ ያሳያችኋል። አንዱ ጋ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ጋ የአያት። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ያለበት ስም አንዴ ተነጥሎ፣ አንዴ ተለጥፎ ይጻፋል። መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ሞክሩት። ካልሆነ ገልብጣችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደሎች ብቻ እያስገባችሁ ፈልጉ። ካልተገኘ ደውሉ፣ የትውልድ ቀኑን ንገሯቸው። ሲገኝ ቡኪንግ ነምበሩን፣ ሲታሰር የተመዘገበበትን ቁጥር፣ ጻፉት። ጥየቃውም፣ ብሩም፣ ደብዳቤውም በሱ ነው የሚሄደው። ስም ብቻ ይዞ የተላከ ብር ሞክሼ ዘንድ ሊገባ ይችላል።

አሁን ስልክ። ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው የመጀመሪያው ስልክ ላይ ነው። የማይታወቅ ቁጥር ይደውላል። ሲነሳ ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ይህ ስልክ ከእስር ቤት ነው፣ ለመቀበል ይህን ይጫኑ» እያለ ይለፈልፋል። እናት ምን ታድርግ? አጭበርባሪ ነው ብላ ትዘጋዋለች። ልጁ እንደገና ይደውላል፣ እንደገና ትዘጋለች። እዚያ ጫፍ ያለው ልጅ «እናቴ አኮረፈችኝ» ብሎ ያድራል። ቤታችሁ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ይህን ዛሬ ማታ ንገሯቸው። ማንም ባይታሰር እንኳ ንገሯቸው።

ስልኩ ይቀዳል። ይህን ረጋ ብዬ ልበለው። ከጠበቃ ጋር ከሚደረገው በስተቀር የምታወሩት ሁሉ ይቀዳል፣ ዐቃቤ ሕግም ሊሰማው ይችላል። «አማርኛ ነው፣ ማን ይሰማናል» የምትሉ አላችሁ። አስተርጓሚ ይቀጠርለታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ስንት አስተርጓሚ አለ? ስለዚህ «ምን ሆነህ ነው? ማን ነበር አብሮህ? ቢላው የማን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። እሱ ሊያወራ ቢጀምር «ለጠበቃህ ንገረው» ብላችሁ ወሬ ቀይሩ። መስተዋት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የምታወሩበትም ስልክ፣ የቪዲዮውም እንደዚያው ነው።

ሌላው የኛ ጣጣ አዲስ አበባ ናት። እናቱ እዚያ ነች፣ ድምፁን ካልሰማሁ አልተኛም ትላለች። እህት እዚህ ስልኩን ትቀበልና እናትን በሌላ መስመር ታገናኛለች። አብዛኛው ጄል ይህን ይከለክላል፣ ሲስተሙም ያውቀዋል። መስመሩ ይቆረጣል፣ ልጁም የስልክ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። እናትየውን «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» በሏት። ወይም የሚላት ካለ ጽፋችሁ አንብቡላት።

ወደ ብሩ እንምጣ። ብዙ ቦታ ሁለት የተለያየ ሂሳብ አለ፤ አንዱ የስልክ፣ አንዱ የኮሚሰሪ። ኮሚሰሪ ማለት የውስጥ ሱቁ ነው። ስልኩ ላይ 50 ዶላር ጭናችሁ ልጁ ሳሙና መግዛት አልቻለም ብላችሁ አትደነቁ። መላኪያው ካውንቲው ባዋዋለው ድርጅት ነው፣ ከጄሉ ዌብሳይት ገብታችሁ ነው የምታገኙት። ጎግል ላይ መጀመሪያ የወጣውን አትጫኑ። በካርድ ስትልኩ የአገልግሎት ይቆረጣል። ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስትልኩ ቁርጡ እየተደራረበ ዋናውን ይበላዋል። ብዙ ጄሎች መኒ ኦርደር፣ ቀድሞ የተከፈለበት የገንዘብ ወረቀት፣ በፖስታ ይቀበላሉ፤ ይዘገያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ የለውም። መግቢያው ላይ የቆመው ማሽን ጥሬ ብር ይወስዳል፣ ግን መልስ አይሰጥም። 100 ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ 100ው ገባ ማለት ነው።

እኛ ለአገር ቤት ብር በመላክ ያደግን ሰዎች ነን። የዌስተርን ዩኒየንን ፎርም ዓይናችንን ጨፍነን እንሞላዋለን። ግን እዚህ ተቀባዩ ቆጥሮ ኪሱ አይከተውም። ብሩ ሲገባ እስር ቤቱ መጀመሪያ የራሱን ሊቆርጥ ይችላል፤ የሕክምና ክፍያ፣ የድሮ ዕዳ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ ጄሎች ከታሳሪው በቀን እስከ 3 ዶላር እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል። አዎ፣ ለመታሰሪያው። ሰውየው ዕዳ ካለበት የላካችሁት ግማሹ እሱ ሳያየው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት «ዕዳ አለብህ ወይ?» በሉት።

ስንት ይላክ? ብዙ አትላኩ። ትርፍ ብር ያለው ልጅ ውስጥ ወዳጁ ይበዛል፤ «ለእገሌ ቤተሰብ ላክልኝ» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ልጃችሁ ለማታውቁት ሰው ብር ላኩ ካላችሁ ቁማር ወይም ማስፈራራት ሊኖር ስለሚችል አትላኩ፤ ለጠበቃው ንገሩ። ለሳሙና፣ ለዲዮዶራንት፣ ለካልሲ፣ ለቴምብር፣ ለቡና የሚሆን በቂ ነው። ራመን የሚባለው ፈጣን ኑድል ደግሞ አለ። የጄል ራት ቶሎ ነው የሚቀርበው፣ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ስለዚህ ራመን ውስጥ እንደ ገንዘብ ነው የሚያገለግለው። የኮሚሰሪ ትዕዛዝ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የደረሰ ብር ሳምንት ይጠብቃል።

ጾመኛ ልጅ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። የራመኑ ቅመም የዶሮ ወይም የበሬ ነው፣ የምግብ ትሪው ላይም ሥጋ አለ። ዝም ብሎ የሚራብ ልጅ አለ። በፈረንጆቹ 2000 ላይ የወጣ የፌዴራል ሕግ እስር ቤቶች የታሳሪን ሃይማኖት ያለ በቂ ምክንያት እንዳያደናቅፉ ያዛል። ልጁ ለቻፕሊኑ (ለእስር ቤቱ የሃይማኖት አገልጋይ) ወይም ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። በቃል የተጠየቀ ነገር እዚያ እንዳልተጠየቀ ነው። ሙስሊም ልጆችም ለረመዳን እንዲሁ፤ ቀደም ብሎ ይጻፍ።

እግረ መንገዴን ስለ አንዲት የዲሲ ሴት ልንገራችሁ። ማርታ ራይት ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፣ ዓይናቸው አያይም። የልጅ ልጃቸው ታስሮ በጣም ሩቅ ስቴት ተወሰደ። ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም፣ ያን ያህል መንገድ መሄድ አይችሉም፤ የቀራቸው ስልክ ነው። ስልኩ ደግሞ የመድኃኒታቸውን ብር እየበላ ነበር። 2000 ላይ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ከሰሱ። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ሄደ፣ እዚያም ዓመታት ተንከባለለ። እሳቸው 2015 ላይ አረፉ። ኮሚሽኑ የእስር ቤት ስልክ ዋጋን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የሰጠው፣ በስማቸው የተጠራው ሕግ የተፈረመው በጃንዋሪ 2023 ነው። 2024 ላይ በትልልቅ ጄሎች በደቂቃ ከ6 ሳንቲም እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። 2025 ላይ ኮሚሽኑ ራሱ አዘገየው፣ ጣሪያውንም ከፍ አደረገው። ኒውዮርክ ከተማ ግን ከ2019፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከ2020 ጀምሮ የጄል ስልክ ነፃ አድርገዋል። እና «ይህ የነጮች ሕግ ነው፣ ምን እናደርጋለን» ስትሉ እኚህን ሴት አስቧቸው። ካውንቲ ካውንስሉ፣ የካውንቲው ምክር ቤት፣ ስብሰባው ክፍት ነው፤ እናንተም እዚያው ግብር ከፋዮች ናችሁ።

አሁን ወደ መሄዱ። መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ያላለፈ፣ ፎቶ ያለው፣ መንግሥት የሰጠው። ብዙ ቦታ ታሳሪው አስቀድሞ ስማችሁን ማስመዝገብ አለበት፣ ቀጠሮም መያዝ አለበት። የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ የወጣበት ሰው አይሂድ። ያልከፈላችሁት፣ ፍርድ ቤት ያልቀረባችሁበት የትራፊክ ትኬት ካለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ መታወቂያችሁ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ቦይድስ የምትሄዱ መኪና ፈልጉ። ሜትሮው ሼዲ ግሮቭ ላይ ያልቃል፣ ጄሉ ከዚያ በላይ ነው። ጎረቤት ያስፈለገው ለዚህ ነበር፣ ግን «ቴክሳስ ነው» ብላችሁታል።

አለባበስም አለ። አንዲት እናት እሑድ ከቅዳሴ ቀጥታ መጡ። የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ። ጠባቂው ነጠላው አይገባም አለ፤ ተደራቢ ልብስ ነው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከስልካቸው ጋር ሎከር ውስጥ ሲከቱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻሽ አስረው ስለነበር ራሳቸው አልተገለጠም፣ እሱ ጠቀማቸው። ገቡ። መስተዋት አለ፣ በሁለቱም በኩል የስልክ እጀታ አለ፣ ገመዱ አጭር ነው፣ ብረት የለበሰ። ልጁ መጥቶ ተቀመጠ። እሳቸው እጀታውን ገልብጠው ነበር የያዙት፤ እሱ በምልክት አሳያቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው «ከስተሃል» ነበር። አልከሳም፤ እንዲያውም ወፍሯል። ልጁ ሳቀ። ከዚያ የጎረቤት ሠርግ አወሩለት፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ጠጁ እንዴት እንደነበረ። ጊዜው አለቀና መስመሩ ተቆረጠ። እሳቸው ግን ድምፅ በሌለው መስተዋት «እግዚአብሔር ያስፈታህ» አሉት። ልጁ ከከንፈራቸው አነበበው።

መስተዋቱ ለምን እንዳለ የሚጠይቁኝ አሉ። 1984 ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ጄል ጉዳይ፣ ፍርድ የሚጠብቁ ታሳሪዎች ከጠያቂያቸው ጋር ተቃቅፈው የመገናኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት የላቸውም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ለካውንቲው የተተወ ነው። ዲሲ ደግሞ 2012 ላይ ጥየቃውን ወደ ቪዲዮ አዞረው። ቪዲዮ ከምንም ይሻላል። በአካል የሚፈቀድበት ካለ ግን ቪዲዮውን ለአዲስ አበባ ዘመድ ተዉትና እናንተ ሂዱ፤ አስቀድሞ መመዝገብና መፈቀድ አለበት።

ይህን የምለው ለስሜት ብቻ አይደለም። ሚኔሶታ ውስጥ 2011 ላይ የወጣ ጥናት ከ16,000 በላይ ከፕሪዝን የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ የተጠየቀ ሰው እንደገና በከባድ ወንጀል የመፈረድ ዕድሉ በ13 በመቶ ዝቅ እንደሚል አግኝቷል። ስለ ፕሪዝን ነው፣ ስለ ጄል አይደለም። ግን ስለ ኮሚሰሪ ብር እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ጥናት አላየሁም።

ግሪን ካርድ ላይ ላሉት አንድ ቃል። ጠበቃው ታሳሪውን «ጥፋትህን አምነህ ጨርሰውና ውጣ» ካለው መጀመሪያ ስለ ዲፖርቴሽን፣ ከአገር ስለ መባረር፣ ይጠየቅ። 2010 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲላ ጉዳይ የወሰነው ይህን ነው። ፓዲላ ከሆንዱራስ የመጣ፣ አሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጠበቃው «ይህን ያህል ኖረህ ምንም አትሆንም» ብሎት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነ፣ ከዚያ ሊባረር ሆነ። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ የመባረርን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት አለ። እዚህ ያላችሁ የትራክ ሹፌሮች ስሙን ያዙት።

(ከተሰብሳቢው ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱ)

አንዲት እናት፦ «ልጄ አትምጪ ይለኛል። ብሩን ላኪልኝ፣ እንዳታዪኝ ይላል። ምን ላድርግ?»

እትዬ፣ ያፍራል። ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ እንዲያዩት አይፈልግም። አይጨቃጨቁት። በሚቀጥለው ሲደውል «ቀጠሮ ይዣለሁ» ይበሉት እንጂ «ልምጣ ወይ» አይበሉት። እምቢ ካለ ያው ወደ መጠየቂያው አይወጣም፣ እርስዎ ይመለሳሉ። ግን መምጣትዎን ይነግሩታል። ብዙዎቹ ሁለተኛው ላይ ይወጣሉ። ካልሆነ የሚያከብረውን ሰው ይላኩ፤ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ የኳስ ጓደኛው።

አንድ ወንድም፦ «ሸሪፍ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ፣ ለዋስ 2,000 ዶላር በጊፍት ካርድ አምጣ፣ አለበለዚያ ወንድምህ አይወጣም አለኝ። እውነት ነው?»

ውሸት ነው። ፍርድ ቤትም ሸሪፍም በጊፍት ካርድ አይቀበልም። ዝጋና ራስህ ዌብሳይቱ ላይ ባለው ቁጥር ደውል። ዋሱን በተመለከተ፣ ለፍርድ ቤቱ በሙሉ በጥሬው የተከፈለ ልጁ ቀጠሮውን ሁሉ ካከበረ ይመለሳል። በክፍያ ዋስ ለሚሆነው ለቤል ቦንድ ድርጅት የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ነው፣ እሱ አይመለስም። መዋጮ የምታሰባስቡ ከሆነ ይህን ለአዋጪዎቹ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ኋላ ጠብ ይሆናል።

ሲወጣም ነገር አለ። ብዙ ጄሎች በሌሊት ይለቃሉ። በሐምሌ በቲሸርት የገባ ልጅ በጥር በዚያው ቲሸርት ነው የሚወጣው፤ ጃኬት ይዛችሁ ጠብቁት። ሂሳቡ ላይ የቀረውን ብር በጥሬው ላይሰጡት ይችላሉ። ካርድ ይሰጡታል፣ ካርዱ ደግሞ ሲነኩትም ሳይነኩትም ይቆርጣል። 2021 ላይ ጄፔይ የተባለው፣ ለእስር ቤቶች የገንዘብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት በእንዲህ ዓይነት ካርዶች ምክንያት 6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በፌዴራሉ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ታዟል። በዚያው ሳምንት ብሩን ወደ ባንኩ ያዛውረው፣ ወይም ነዳጅና አስቤዛ ገዝቶበት ይጨርሰው።